ሁለት እውነት ተቀጥሎ ሐሰት ይሆናልን?

ለመሆኑ ሁለት እውነተኛ ሥዕሎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሊዋሹ ይችላሉን? ጥያቄው ያደረብኝ ደጎሎ ላይ ነው። ከዘመድ ቤት ተቀምጬ ሁለት ሽማግሌዎች ንጉሡ የወረዱበትን ሰሞን ሲያነሡ አዳምጥ ነበር። አንደኛው ወሬውን በሬዲዮ የሰማነው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው አሉ፤ ሌላው የለም፣ በማግስቱ ነው ብለው ተከራከሩ። ነገሩን የፈታው የቀን መቁጠሪያ አልነበረም። «እስቲ አያ፣ ያን ሰሞን ገደል የገባው የማን በሬ ነበር?» ተባለ። በሬውን ሁለቱም ያስታውሱታል። ከበሬው ተነሥተው ወደፊትም ወደኋላም ቆጠሩና በማግስቱ መሆኑን ተስማሙ።

ይህንኑ የሽማግሌ ብልሃት በፊልም የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ከተማ ላይ ሲገደሉ፣ አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ ልብስ ሠሪ ነጋዴ በእጅ ካሜራው 26 ሰኮንድ ያህል ቀረጸ። በሰኮንድ 18.3 ገደማ ሲታሰብ 486 ፍሬም ነው። ኦርቪል ኒክስና ሜሪ ማችሞር ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ሆነው ቀርጸዋል። ፊልሞቹ ድምፅ የላቸውም፤ ሰዓትም አልተጻፈባቸውም። ሁለት ካሜራዎች ደግሞ እኩል አይሮጡም። ስለዚህ መርማሪዎች በሦስቱም ላይ የሚታየውን አንድ ቅጽበት ፈለጉ። ይህም በዛፕሩደር ፊልም ላይ 313ኛው ፍሬም፣ ገዳዩ ጥይት ራስ የመታበት ነው። ያ በሬያቸው ሆነ። ከዚያ ተነሥተው ፍሬም በፍሬም ወደፊትና ወደኋላ ቆጠሩ። የዚህ ሥራ ክብሩ አቀናጁ የሚፈልገውን ሳይሆን የገጠመውን መቀበሉ ነው። አልገጠመም ካለ፣ አልገጠመም ነው።

ከኬኔዲ አስከሬን ኋላ ተሰልፈው ከሄዱት መሪዎች አንዱ የእኛው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ከ11 ዓመት በኋላ እሳቸውም በፊልም ፊት ቀረቡ።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መንግሥት የሸሸገውን እልቂት ዓለም አወቀው። የሟቾቹ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ነገር ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ምግብ የሚቀርብላቸው ውሾች ገብተውበታል። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ግብዣው እውነት ነው፤ ረሃቡም እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱ የተነሡት በተለያየ ቀን ነው። ቀጣዩ ተመልካቹን «ይህች እናት ስታጣጥር፣ በዚያችው ሰዓት ይህ ጽዋ ይነሣ ነበር» አለው። ሰዓቱን ግን ማንም አልለካም።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ረሃቡ መደበቁ እውነት አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነው እንጂ! በደሉን አልክድም። ፍርዱ ትክክል በመሆኑ ግን ማስረጃው ትክክል አይሆንም። ጥፋተኛን በተቀጠለ ማስረጃ መፍረድ የለመደ እጅ፣ ነገ ንጹሑንም በዚያው ይፈርድበታል። ሁለተኛም፣ ቀጣዩ እናቲቱን አላስፈቀደም። በሕይወት ሳለች እህል የነፈጋት መንግሥት ነበረ፤ በሥዕሏ ደግሞ ሌላው ሥልጣን ያዘባት።

ታሪክ ግን አስገራሚ ቀጣይ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በጥቅምት 13 ቀን የመሐመድ አሚንና የማይክል በርክ የኮረም ፊልም በቢቢሲ ታየ። በሁለቱ መካከል ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ መቀስ አላስፈለገም፤ ድግሱና ረሃቡ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ አገር፣ ራሳቸው ገጠሙ። በንጉሡ ላይ የተሰፋው ልብስ ለሰፊዎቹ ልክ ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ብቻ ጽፎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማንኛውም ቅጥል የበለጠ ይናገራል።

ዛሬ ቅጠላው ቀልሏል። ስልክ የያዘ ሁሉ ፊልም አንሺም ቀጣይም ሆኗል። የአንዱ ዓመት ሬሳ በሌላው ዓመት ንግግር ላይ ተለጥፎ ሰው ለበቀል ሲነሣ እያየን ነው። ስለዚህ ሥዕል ሲቀርብልን «እውነት ነው ወይ?» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «መቼ? የት? ምን ተጎረደ?» ማለትም ያሻል።

ለደጎሎዎቹ ሽማግሌዎች የዚያን ምሽት ፊልም አይተውት እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። «ቴሌቪዥን ከየት መጥቶ! ረሃቡን ግን እናውቀዋለን» አሉኝ። ከዚያም ተመልሰው ስለ በሬው መጫወት ጀመሩ፤ ጌታው ማን እንደነበር ገና አልተስማሙም ነበር።