ሁለት መሠዊያ፦ ስለ ተገዢ ሕዝብ እምነትና ስለ ኅሊና ነፃነት

በጦር የተሸነፈ ሰው ግብር ሊከፍል፣ ሊሰግድም ይችላል። ነገር ግን ስለ ተሸነፈ ብቻ ሊያምን ይችላልን? ይህ ጥያቄ በቦዲቲና በመላው ወላይታ ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጡ ካቴኪስቶች ዕለት ዕለት የሚገጥማቸው ነው። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ልጁ ሲታመምበት ግን በጨለማ ወደ ቃልቻ የሚሄድ ምእመን አለና። እርሱን ከመውቀሳችን በፊት ሁለት ልብነት ከወዴት እንደሚበቅል እንመርምር።

ሮማውያን በሚገዟቸው አገሮች የሕዝቡን አማልክት በአብዛኛው አላፈረሱም። በግብፅ የኢሲስ አምልኮ ቀጠለ፤ በብሪታንያ ሱሊስ የተባለችውን የፍል ውኃ አምላክ ከራሳቸው ከሚኔርቫ ጋር አንድ አድርገው አከበሯት። ይሁን እንጂ ትዕግሥታቸው ወሰን ነበረው። በጋልያ የነበሩትን ድሩይድ የተባሉ ካህናት አምልኮ ቄሣር ቀላውዴዎስ ከልክሏል። ሌላው ተገዢ ግን ለቄሣር የሚገባውን ክብር እስካልነፈገ ድረስ፣ በልቡ የሚያምነው ለገዢዎቹ ብዙም አያሳስባቸውም ነበር።

በ250 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዳኬዎስ ቄሣር የግዛቱ ነዋሪ ለአማልክት እንዲሠዋና ለመሠዋቱም የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከአርባ የሚበልጡ በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። ከክርስቲያኖች ብዙዎች ፈርተው ሠዉ፤ አንዳንዶቹም ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ጋብ ሲል፣ በ251፣ የካርታጎ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ የሰበሰበው ጉባኤ በወደቁት ላይ በጅምላ አልፈረደም፤ የእያንዳንዱን ሁኔታ ለይቶ የንስሓን መንገድ አበጀ።

ከ140 ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ391 እና በ392 ቴዎዶስዮስ ቄሣር የአረማውያንን መሥዋዕት በሕግ ከለከለ። ሕጉ የቤተ መቅደሱን በር ዘጋ፤ የልብን በር ግን አልከፈተም፤ አሮጌው አምልኮ በየገጠሩ ለረጅም ዘመን ተሰውሮ ኖረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። አባቶቻችን ከሁሉ በላይ ያለውን ጦሳን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን መናፍስትን ይፈሩ፣ መሥዋዕትም ያቀርቡላቸው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ድል ከተነሡ በኋላ የገዢዎቹ ሥልጣንና የገዢዎቹ ሃይማኖት አብረው ገቡ። ይህን የምንለው እኅት ቤተ ክርስቲያንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛም ከዚህ ፈተና ውጪ አልነበርንምና። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ካቶሊካዊነት የወራሪው ሃይማኖት ነበር፤ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ግን ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ሲወጡ ጥቂት የተጠመቁ ሰዎች ብቻ ትተው ነበር፤ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን በሺህ የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። የገዢ ክንድ ያልደገፈው፣ እንዲያውም የተጫነው እምነት ሥር ሰደደ። ይህን እውነት በትሕትና ልንቀበለው ይገባል።

እንግዲህ በግድ የተጀመረ ሁሉ ሐሰት ሆኖ ይቀራል ማለታችን ነውን? አይደለም። አያት በፍርሃት የተቀበለውን የልጅ ልጅ በፍቅር ሊይዘው ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው አንድ ሰው ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ በነፃነት ሲጠየቅ ነው። ግዳጅ አሮጌውን መሠዊያ አያፈርስም፤ ከጓዳ ደብቆ በአደባባይ ሁለተኛ ያቆማል እንጂ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 (እ.ኤ.አ.) በሃይማኖት ነገር ማንም ከኅሊናው ውጪ እንዳይገደድ ያወጀው ስለዚህ ነው።

ነፃነት ማለት ግን ሁሉን መቀላቀል አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ በ601 (እ.ኤ.አ.) ወደ እንግሊዝ ይጓዝ ለነበረው ለአባ ሜሊቱስ በጻፉት ደብዳቤ፣ ጣዖታቱ እንዲወገዱ፣ ቤተ መቅደሶቹ ግን ተባርከው ለእግዚአብሔር እንዲውሉ፣ ሕዝቡም በሬውን አርዶ ለእግዚአብሔር ምስጋና እንዲበላ መከሩ። በእኛም ዘንድ ጦሳ የሚለው ስም ዛሬ በወላይትኛ ጸሎታችን የምንጠራው የእግዚአብሔር ስም ነው። የተጣላ የሚታረቅበት፣ ቤተ ዘመድ በአንድ ማዕድ የሚሰበሰብበት ግፋታም ለወንጌል ባዕድ አይደለም። መናፍስትን መፍራትና ለእነርሱ መገበር ግን ሰውን በባርነት ስለሚይዝ ከክርስቶስ ጋር በአንድ ቤት ሊኖር አይችልም።

ስለዚህ፣ ውድ ካቴኪስቶች፣ አባቶችን ሁሉ የሰይጣን አገልጋዮች ብሎ መዝለፍ ልጆቻቸውን ያቆስላል እንጂ አይመልስም። በሌሊት ወደ ቃልቻ የሚሄደውንም በአደባባይ ማሳፈር የዳኬዎስን ወረቀት መልሶ መጠየቅ ነው፤ ሰውዬው ወረቀቱን ያገኛል፣ ልቡ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም። ልጁ የታመመበትን ቤት ቀድመን እንጎብኝ፤ ወደ ሐኪም ለመሄድ አቅም ያጣውን እንርዳ፤ ከእርሱ ጋር አብረን እንጸልይ። ፍርሃቱን የተካፈሉለት ሰው ለፍርሃቱ ሌላ መሠዊያ መፈለጉን የሚተውበት ምክንያት ያገኛል።