ከሩቅ አገር የተላከ ገንዘብ ስጦታ ነውን ወይስ አደራ?

በዛሬ ዘመን በኢትዮጵያ ከተሞች በባንክ ቤት መስኮት ፊት ተራቸውን ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ሠርተው ያገኙትን ሊያስቀምጡ የመጡ አይደሉም፤ ልጃቸው ወይም እኅታቸው በሪያድ፥ በቤሩት፥ በዱባይ ወይም በአሜሪካ ሠርታ የላከችውን ሐዋላ ሊቀበሉ የመጡ ናቸው። መታወቂያቸውንና የምስጢሩን ቁጥር ባቀረቡ ጊዜ ገንዘብ ከፋዩ ሁለት ነገር ይጠይቃቸዋል። የመጀመሪያው በእጅ ይከፈልዎ ወይስ ወደ ሒሳብ ይግባ የሚል ነው። ወደ ሒሳብ ይግባ ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ በማን ስም ይላቸዋል። ከፋዩ ይህን የሚጠይቀው ቅጹን ለመሙላት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄ ሊቃውንት ተቀምጠው ሊከራከሩበት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የተላከው ገንዘብ የማን ነው ማለት ነው።

ስጦታና አደራ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ሕግ ሁሉ ያውቃል። ፍትሐ ነገሥት ስለ እያንዳንዳቸው ለይቶ ይናገራል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ ለያይቶ ጽፏቸዋል። ስጦታ የተቀባዩ ገንዘብ ይሆናል፤ ቢበላውም ቢሸጠውም የሚጠይቀው የለም። አደራ ግን በተቀባዩ እጅ ይኖራል እንጂ የተቀባዩ አይሆንም። እንግዲህ ሰጪዋ ምን ብላ ሰጠች ብሎ መጠየቅ ነገሩን የሚፈታው ይመስላል። ችግሩ ግን ያለው ሰጪዋ በተናገረችው ቃል ውስጥ ነው።

ከሪያድ የምትደውል ልጅ እናቷን፥ ይህን ያህል ልኬያለሁና ለእኔ አስቀምጪልኝ አትላትም። «እማዬ፥ ለቡና መጠጫ ትሁንሽ» ትላታለች። የላከችው አንድ ጊዜ በውነት የቡና ዋጋ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የሦስት ወር ደመወዟ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህን ቃል ቢሰማ ሰሙን ብቻ ይዞ አይሄድም። ሰሙ ቡና ነው፤ ወርቁ ግን፥ ስመለስ የማርፍበት ነገር ይኑረኝ ማለት ነው። ልጅቱም ይህን ያደረገችው የቃል ጥበብ ለማሳየት አይደለም፤ ይሉኝታ አፏን ይዟት ነው እንጂ። ዘጠኝ ወር የተሸከመቻትን፥ ለመሄጃዋም ከደላላ ዕዳ የገባችላትን እናት ሒሳብ ያዢልኝ ብሎ መናገር በአገሩ ልማድ ነውር ነውና። ስለዚህ ሰጪዋ ልትናገረው የማይቻላትን ተቀባይዋ መስማት አለባት። መናገር በተከለከለበት ቦታ የመስማት ዕዳ ይበዛል።

በዚህ ላይ የሚቃወሙ አሉ፤ ተቃውሟቸውም የሚናቅ አይደለም። ሰጥቶ የሚቈጥር ሰው መጀመሪያውኑ አልሰጠም ይላሉ። በውነቱም በየወሩ እየደወለች ለምን ወጣ፥ ማን በላው እያለች ሳንቲም የምትመረምር ልጅ እናቷን ደመወዝተኛ አድርጋታለች፤ እንዲህ ያለው ስጦታ ከጉሮሮ አይወርድም። ደግሞም ወላጅ ከልጁ ጉልበት ላይ የሚገባው ድርሻ አለው። ለጤፍ፥ ለመድኃኒት፥ ለታናናሾቹ ትምህርት የወጣው በምርቃት የተበላ ነው፤ ማንም ሊጠይቅበት አይገባም። ክርክሩ ያለው ከዚያ ባለፈው ላይ ነው። ወሰኑም ይህን ያህል ብር ተብሎ የሚቈረጥ አይደለም፤ ነገር ግን በየቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የት ላይ እንደ ሆነ ያውቀዋል። የወንድሟ ባጃጅ ለእናቲቱ ጉርሻ አይደለም።

ወሰኑ የሚታየው ልጅቱ በተመለሰች ቀን ነው። ከኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜም ብዙ የቤት ሠራተኞች በቤሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ በአሠሪዎቻቸው ተጥለው ታይተዋል። እንዲህ በድንገት የተመለሰች ሴት ያን ሁሉ ዓመት የላከችውን ብትፈልግ፥ ደብተሩ በወንድሟ ስም ነው፤ ቤቱ በአባቷ ይዞታ ላይ ተሠርቷል፤ የቀረው ለሠርግ ወጥቷል። ወንድሟን ብትጠይቀው፥ አንቺው ነሽ የሰጠሽን ይላታል። ውሸት አልተናገረም። አባቷም፥ እናቷም እንዲሁ እውነት ይናገራሉ። ሌባ ሳይኖር ስርቆት ተፈጽሟል ማለት ነው። ሌባ ቢኖር ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ሌባን ከስሳ ትረታለችና። የገዛ ቃሏን ግን በምን ዳኛ ፊት ታቆመዋለች?

በዚህ ነገር ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የመክሊቱን ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ያ ባለቤቱ አስቀድሞ ገንዘቡ የእርሱ መሆኑን ያስታወቀ ነበርና ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። የሚቀርበው የጦቢት ታሪክ ነው። ጦቢት ዐሥር መክሊት ብር በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ አስቀምጦ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ዓይኑ ጠፍቶ በደኸየ ጊዜ አስታወሰውና ልጁን ጦብያን ላከው። ሰዎች ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሱት መልአኩ ሩፋኤልንና የዓሣውን መድኃኒት ነው፤ ገባኤልን የሚያነሣው የለም። እርሱ ግን ጽሕፈቱ በቀረበለት ጊዜ ከረጢቶቹን ማኅተማቸው እንዳለ አውጥቶ አስረከበ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠያቂ ሳይመጣበት ማኅተሙን አለመፍታቱ ከተአምራቱ አያንስም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኆች የተሰበሰበውን ርዳታ ሲያደርስ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸውን ሰዎች ከእርሱ ጋር ያደረገው ማንም እንዳይነቅፈው አስቦ ነው። እርሱን እንኳ ምስክር ካስፈለገው የወንድም ቃል ብቻ አይበቃም።

ባንክም በመሠረቱ የገባኤልን ሥራ የሚሠራ ቤት ነው። በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር ብሩን በእንስራ አድርጎ የሚቀብር ሰው ብዙ ነበር። እንስራ የሚያውቀው የቀበረውን ሰው ብቻ ነው፤ የባንክ ደብተር ግን ስም ይጠይቃል፤ ቀኑንም ይጽፋል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ስም የውጭ ገንዘብ ሒሳብ እንዲከፍቱ መንገድ ተከፍቷል፤ ነገር ግን ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት፥ ከቤት እንድትወጣ የማይፈቀድላት ሴት ወረቀቱን ከየት ታመጣለች? እንግዲህ ለብዙዎቹ የእናት ስም ብቻ ይቀራል።

በዚህ ዘመን ያለ ገባኤል ሌላም ፈተና አለበት። ብር በከረጢት ቢቀመጥ ሚዛኑ አይጎድልም፤ በደብተር የተጻፈ ብር ግን ሳይነካ ይጎድላል። በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ ከ30 በላይ ሲጨምር፥ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የታዘዘው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማኅተሙን ሳይፈታ የጠበቀ ሰው ግማሽ ከረጢት ሊያስረክብ ነው። ስለዚህ መጉደል አደራ ጠባቂው አይጠየቅም፤ ምንዛሪ በእጁ አይደለምና። የሚጠየቀው እየጎደለ መሆኑን እያየ ዝም ካለ ነው። ወርቅ ይገዛበት፥ መሬት ይገዛበት፥ ወይስ ይቀመጥ ብሎ ባለቤቷን ሊጠይቃት ይገባል፤ ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ገንዘቡ የእርሷ መሆኑን አስቀድሞ በአፉ መመስከር አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህችን ምስክርነት ነው።

አንዲት እናት በደሴ ከተማ ትኖራለች እንበል። በባንኩ መስኮት፥ «እናቴ፥ በማን ስም ይሁን?» ባላት ጊዜ፥ «በልጄ ስም» ትላለች። ባለቤቲቱ ሳትቀርብ ወይም ውክልና ሳትልክ አይሆንም ይላታል። እንኪያስ በእኔ ስም ይሁን ብላ ደብተሩን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ትንሹን ልጇንም ጠርታ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ በዳዊቱ ሽፋን ውስጥ፥ ከእኅቱ ስም በታች ታስጽፋለች። በሚቀጥለው እሑድ ልጅቱ ስትደውል እናቲቱ ጤንነቷን ከጠየቀች በኋላ ሒሳቡን መናገር ትጀምራለች።

ልጅቱም ታፍርና፥ «እማዬ፥ ምን አደከመሽ? ለቡና ነው እኮ ያልኩሽ» ትላታለች።

«ቡናውንማ ጠጣሁት፤ የምነግርሽ የተረፈውን ነው» ብላ ከላይ ጀምራ ታስነብባለች።