ቁምሳጥን በሌለበት ክፍል የልጆች ልብስ አያያዝ

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ገላፊ ድንበር ድረስ በጅቡቲ መንገድ ዳር ከሚከራዩት ቤቶች ብዙዎቹ ባለ አንድ ክፍል ናቸው። በዚያች ክፍል አልጋ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ምድጃና አጎበር ይገባሉ። ቁምሳጥን አይገባም፤ ቢገባም አከራይ «ውጡ» ባለ ቀን ጣጣው ብዙ ነው። የልጆች ልብስ የት ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ ስለዚህ የብዙ ወጣት ወላጆች ችግር ነው፤ መፍትሔው ግን ከዕቃ በፊት ከልማድ ይጀምራል።

በዛሬዎቹ ወጣቶች ቤት የታጠበው ልብስ ከገመድ ወርዶ ወንበር ላይ ይከመራል። ወንበሩ ሲሞላ ማዳበሪያ ይመጣል። በማዳበሪያው ውስጥ ካኒቴራው፣ ካልሲው፣ የሕፃኑ ሽንት ጨርቅና የአባት ቱታ አብረው ይታመቃሉ። ጠዋት ልጅ ለትምህርት ቤት ሲነሣ ሁሉም ወለል ላይ ይዘረገፋል፤ የታጠበው ካልታጠበው ይደባለቃል፣ አንድ እግር ካልሲም ይጠፋል። የጠፋው ስላልተገኘ ከሰልባጅ ተራ ሌላ ይገዛል። የመጀመሪያው ከማዳበሪያው ሥር ሲወጣ ልጁ አድጎበታል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቁምሳጥን የለንማ!»

ይህ የስንፍና መልስ ነው። በዚሁ ምድር ቁምሳጥን አይቶ የማያውቅ ቤት ከጥንት ጀምሮ አለ። የአፋር ሴት ዳቦይታ የሚባለውን ጎጆዋን ራሷ ታቆማለች፣ ራሷ ታፈርሳለች። መንደሩ ወደ ግጦሽ ሲዛወር የጎበጠው እንጨትና ከዘንባባ ቅጠል የተሠራው ሰሌን በግመል ይጫናል። እንዲህ ያለ ቤት ዝርክርክነትን አይችልም፤ በቦታው ያልተቀመጠ ዕቃ ጭነት ሲነሣ በረሃ ላይ ይቀራል። የግንብ ቤት ተከራይቶ የልጁን ሱሪ ማግኘት ያቃተው ወጣት ከዚያች እናት ሊማር ይገባዋል።

ልብስ ከማስቀመጥ በፊት መለየት ይቀድማል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቦታ ይኖራል፤ አንድ ሳጥን ብቻ ካለም በመካከሉ ጨርቅ ይጋረዳል። አሁን የሚለበሰው ከላይ፣ ገና የሚሰፋበት ከታች ይሆናል፤ ታላቁ ያደገበትና ታናሹን የሚጠብቀው ለብቻው ይታሰራል። የዒድ፣ የገናና የጥምቀት ልብስ ከዕለት ልብስ ጋር አይነካካም። የሚሰግድ ሰው ልብሱን ከነጃሳ ይጠብቃል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ነጠላውን አንጽቶ ነው። ሽንት ጨርቅና የበዓል ልብስ አብረው የሚታመቁበት ቤት በሁለቱም ሚዛን ይወድቃል።

ለአልጋ ሥር የሚበጀው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ምስጥ አይበላውም፣ አይጥ አይቦረቡረውም፣ የበረሃው አቧራም እንደ ማዳበሪያ እንደ ልቡ አይገባበትም። በብሎኬት ከወለል ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ የዛገ ቆርቆሮ ነጭ ልብስን ስለሚያበላሽም ውስጡ ጨርቅ ይነጠፍበታል። ካርቶን ምስጥም በረሮም ይወደዋል፤ ለጊዜው ካልሆነ አይመከርም። ቆጥ ለደጋ ቤት ጥሩ ነው። በሰመራ ግን ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ የቁምጣ ላስቲክ ያደርቃል፣ የጫማ ሶልም ያላቅቃል።

ግድግዳ ላይ በምስማርና በገመድ መስቀል ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የአዋሽ ሸለቆ የወባ አገር ነው፤ የተንጠለጠለ ልብስ ደግሞ ለወባ ትንኝ ጥሩ ማረፊያ ይሆናል። የባሰው ልብስን በአጎበሩ ገመድ ላይ መስቀል ነው፤ ክብደቱ አጎበሩን ይቀደዋል፣ ጠርዙንም ከፍራሽ ሥር ያወጣዋል። ለነገ የሚለበሰው አንድ ልብስ ብቻ ይሰቀል። ከወለል የተነሣ ልብስና ጫማ ሳይራገፍ ልጅ ላይ አይደረግም፤ ጊንጥ አለ።

የዚህ ምክር ጸሐፊ ያደገው አዋሽ ሰባት፣ ከሐዲዱ አጠገብ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ በጠባብ ክፍል መኖርን ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያውቅበታል። እናቱ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ስባ አውጥታ ልብሱን ሁሉ ፀሐይ ታስመታ ነበር። ይህን በምታደርግበት ቀን ልጆቹ ተሰልፈው የታላላቆቻቸውን ልብስ ይለካሉ። ሱሪ ሲሰፋ ግርጌው በሰፊው ይታጠፍ ስለነበር ልጁ ባደገ ቁጥር እጥፋቱ እየተፈታ ይረዝምለታል፤ የድሮው እጥፋት መስመር ጨርቁ ላይ እየቀረ የልጁን ቁመት ይናገር ነበር። በዚያ ቤት ልብስ ጠፋ የሚል ድምፅ አይሰማም፤ ተሰምቶም ከሆነ ጥፋቱ የእናቲቱ አልነበረም።

ዛሬ ስልክ ለመቀየር የማይቸገር ወጣት ለሳጥን ገንዘብ ጠፋኝ ሲል መስማት ያሳዝናል። አባቶችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ከገላፊ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ጭነቱን በሸራ ሸፍኖ፣ ገመዱን አጥብቆ የሚያደርስ ሾፌር የልጁን ካኒቴራ ማጠፍ አያቅተውም። ማጠፉ የሚገባውም ልብሱ ከገመድ በወረደበት ሰዓት ነው። ወንበሩ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ልብስ ሳምንት ያድራል፤ ከሳምንት በኋላ ማዳበሪያው ይጠራዋል። ቁምሳጥን ቢገዛላቸውም እነዚህ ሰዎች ክምሩን ከወንበር ወደ ቁምሳጥን ያዛውሩታል እንጂ አያጥፉትም።

ብል የሚበላው ሱፍ ነው። ቆላ ለሚኖር ልጅ ሹራብ የሚያስፈልገው ደሴ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ስለሆነ ታጥቦ፣ ደርቆና ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የብል ማባረሪያው ናፍታሊን ግን ከሕፃን ልብስ ጋር አይቀመጥ፤ ልጅ ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል፤ ጠረኑ የገባበት ልብስም አንድ ኢንዛይም በተፈጥሮ በሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። የልብስ ቅማል በስፌት መካከል እንቁላል ይጥላል፤ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያስተላልፈውም እርሱ ነው። ከሌላ ሰው የመጣ ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ ስፌቱ በካውያ ሳይተኮስ ሳጥን አይገባም።

እግዚአብሔር ሰጥቶት፣ ወይም አላህ ብሎለት፣ ቁምሳጥን ወይም ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ የሚገዛ ሰው ከግድግዳ ጋር ያስረው። በ2008 ዓ.ም. የኢኬያ ኩባንያ በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ዕቃዎቹን እንዲመለሱ የጠራው በልጆች ላይ እየወደቁ ስለገደሉ ነው። ልጅ የታችኛውን መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይደረግ፤ በቆርቆሮ ግድግዳ ቤት ደግሞ ዕቃው የሚታሰረው ከቆርቆሮው ጋር ሳይሆን ከምሰሶው ጋር ነው።