ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ልጆቼ፣ ጃቫስክሪፕት ለመማር ኮምፒውተር ፊት የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ ጀማሪው ሁሉ በጥቂት ሳምንት ትልቅ አፕ ሠርቶ ስሙ እንዲጠራ ይሻል። ሁለት ቁጥር የሚደምር ፈንክሽን ጻፍ ሲሉት ይንቃል፤ ቁልፍ ሲነካ ቀለም የሚቀይር ገጽ ሥራ ሲሉት «ይሄማ የሕፃን ሥራ ነው» ብሎ ያልፋል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የናቃት ትንሽ መልመጃ ነገ በትልቁ ሥራ መሐል ቆማ ትጠብቀዋለች።

ፈንክሽን እንደ ወፍጮ ነው፤ እህሉን ሰጥታችሁ ዱቄቱን ትቀበላላችሁ። ጀማሪው ግን ድምሩን በትክክል ጽፎ «ሪተርን» ማለቱን ይረሳል። ስሌቱ ውስጥ ውስጡን ተሠርቷል፣ ኮንሶሉ ላይ የሚወጣው ግን «አንዲፋይንድ» ነው፤ እህሉ ተፈጭቶ ዱቄቱ እዚያው ወፍጮው ውስጥ ቀርቷል። ይህን ጊዜ ተበሳጭቶ ሌላ ሰው የሠራውን ኮድ ቀድቶ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ገጹ ለዛሬ ይሠራለታል፤ ለምን እንደሠራ ግን አያውቅምና ነገ ያው ስህተት ሲመጣ ደግሞ ሰው ፍለጋ ይሄዳል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ልጆቼ።

ሌላዋን መልመጃ ተመልከቱ። በፕሮምፕት ሁለት ቁጥር ተቀብላችሁ ደምሩ ትላለች። 5 እና 3 ስትሰጡት 8 ማለቱ ቀርቶ 53 ይላል። ብራውዘሩ አልተሳሳተም፤ ፕሮምፕት ሰው የጻፈውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ያስረክባል፣ የመደመር ምልክቱም ጽሑፍን ከጽሑፍ ይቀጥላል እንጂ አያሰላም። «ነምበር» በሚለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር ስትቀይሩት 8 ይመጣል። እዚህ ላይ ግን አትቁሙ። ሰውየው ምንም ሳይጽፍ እሺ ቢልስ? ባዶው ጽሑፍ ዝም ብሎ ዜሮ ይሆናል። ስህተት አለ ብሎ የሚጮህ የለም፤ ሒሳቡ ብቻ ይዛባል። ይህ የመድኃኒት መጠን ስሌት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱን አስቡት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለውን አትርሱ።

ችኮላ ምን ጥሎ እንደሚያልፍ ይህ ቋንቋ ራሱ ይመሰክራል። ብሬንዳን አይክ የመጀመሪያውን ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በ10 ቀን ሠራው። ጊዜው የጥድፊያ ነበር፤ የሰውየው ብልሃትም የሚደነቅ ነው። ሆኖም ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ስህተት አለ፤ «ናል» የተባለው ባዶ ዋጋ ዓይነቱ ምንድን ነው ተብሎ በ«ታይፕኦፍ» ሲጠየቅ ቋንቋው እስከ ዛሬ «ኦብጀክት» ነው ይላል። እናርመው ያሉ ነበሩ፤ ግን ስንትና ስንት ድረ ገጽ በዚያው ላይ ተሠርቶ ስለነበር፣ ቢታረም የሚበላሸው በዝቶ ተተወ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ብዙ ሰው የቆመበት ነገር ሲሆን ግን መልቀሙም አይቻልም።

የብራውዘሩን አቅም ስትለማመዱ ደግሞ ለሰው አስቡ። ሎካል ስቶሬጅ ገጹ ቢዘጋም የጻፋችሁበትን ይዞ ይቆያል፤ የዕለት ሥራ ማስታወሻ ለመሥራት መልካም ነው። የይለፍ ቃል ግን አታኑሩበት፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ዴቨሎፐር ቱልስ ከፍቶ ያነበዋል። ሰው ያለበትን ቦታ የሚጠይቀውንም ፈንክሽን ገጹ ገና ሲከፈት አትጥሩት። ብራውዘሩ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቀው የሰው መዋያ የግል ምስጢሩ ስለሆነ ነው። ሰውየው ራሱ «የት ነኝ» የሚለውን ቁልፍ ሲነካ ያን ጊዜ ጠይቁት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ኮዱን ከማስኬዳችሁ በፊት ምን እንደሚወጣ በወረቀት ጻፉ። የወጣው ካሰባችሁት ከተለየ፣ ምክንያቱን ሳታውቁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። የዛሬዋን መልመጃ ነገ ምንም ሳታዩ ከባዶ ጻፏት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ማስተዋሉን ይስጣችሁ፤ የእጃችሁ ሥራ ሰውን የሚጠቅም፣ ስትጠየቁም አንድ በአንድ የምታስረዱት ይሁን።