የተዘረጋ ክታብ

ክታብ የሚጻፈው እንዲነበብ አይደለም። ይህን የምለው እኔ፣ “አንባቢ የሌለው ጽሑፍ ጽሑፍ ነው ወይ?” እያልኩ ስንት ዓመት ተማሪ ሳስጨንቅ የኖርኩት ሰውዬ ነኝ። መልሱ አያቴ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ነገሩ የተነሳብኝ ባልቲሞር ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ዘመድ ልጠይቅ ዋሽንግተን አካባቢ ሄጄ ሳለሁ ልጆቹ “ጋሼ፣ የአገርዎን ነገር እናሳይዎት” ብለው ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰዱኝ። ሄንሪ ዋልተርስ የተባለ ባለጸጋ በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሞት ለከተማው የተናዘዘው ስብስብ ነው። ያን ሰሞን “ኢትዮጵያ በመስቀለኛ መንገድ” የተሰኘ ዐውደ ርዕይ ነበረበት፤ ከ220 በላይ ዕቃ ተሰብስቦ፣ በኋላም ወደ ሳሌምና ቶሌዶ የተጓዘው። መስቀሉ፣ ወንጌሉ፣ ሥዕለ አድኅኖው፣ በየአንዳንዱ ላይ ተለክቶ የወረደ መብራት። ኮራሁ፣ አልዋሽም። አበሻ ከአገሩ ሲወጣ ኩራቱ ቶሎ ይነሳበታል።

ከዚያ ክታቡ ጋ ደረስኩ። ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል።

ለማያውቅ ልንገር። ክታብ ረጅም ብራና ነው፤ በደንቡ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ደብተራው ጸሎቱን ይጽፍና የሰውየውን ወይም የሴትየዋን የክርስትና ስም በየቦታው ያስገባል፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም። ክታቡ ሌላ ሰው እጅ ከገባ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። መካከል መካከል ላይ ጠልሰም አለ፤ ያ ዓይን ብቻ የሆነው ሥዕል። ዣክ መርሲዬ የተባሉት ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1997 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ባሳተሙት መጽሐፍ ሥዕሉን መድኃኒት ብለውታል፤ እውነታቸውን ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይጠቀለላል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ አለቀ። ከበሽተኛው፣ ከደብተራውና ከፈጣሪ በቀር ማንም አያየውም።

አጠገቤ የቆሙት ፈረንጆች ቀለሙን ያያሉ፣ ዓይኑን ያያሉ፣ ይደነቃሉ፣ ያልፋሉ። እኔ ግን ግዕዝ እቆጥራለሁ። ጸሎተ ሱስንዮስ ነው፤ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን ያሳደዳት ቅዱስ። ወረድ ስል “ወለተ” ብሎ የሚጀምር ስም። ገባኝ፤ ልጅ አልጸና ያላት ሴት ናት። ሾተላይ። ለጎረቤት ያልነገረችውን፣ ምናልባት ለደብተራው ብቻ በሹክሹክታ ያለችውን ገመና ካፖርቴን ለብሼ አነበብኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ የሴትየዋን ጓዳ የደፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ፈረንጆቹ ንጹሐን ናቸው፤ ማንበብ አይችሉማ!

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ይፋት ቆላ ሙቀቱም፣ ወባውም፣ እባቡም አለ። ክርስቲያኑ ክታብ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ሂርዝ፤ ሁለቱም በቆዳ የተሰፉ፣ ሁለቱም የማይፈቱ። ወባ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ሲብስ ክርስቲያኑ ሼህ ቤት፣ ሙስሊሙ ደብተራ ቤት ሲሄድ እያየሁ አድጌያለሁ። የእኛም ቤት ክታብ አያቴ ካረፉ በኋላ ለአክስቴ ደረሰ። አክስቴ ደግሞ የደሴን መንገድ ይዞ ለሚመላለስ አንድ ዕቃ ለቃሚ ሸጡት። በገንዘቡ እኔ ደብረ ብርሃን ተማርኩበት። እንግዲህ ማንን ልክሰስ?

“ባይሸጥ ምን ይሆን ነበር?” የሚለኝ አይጠፋም። ምስጥ ይበላው ነበር። ወይም አንዱ ካህን “ጥንቆላ ነው” ብሎ ያቃጥለው ነበር፤ ስንቱ ተቃጥሏል። ሙዚየሙ አድኖታል፣ ይህን አልክድም። ግን ብራናውን ማዳንና የሴትየዋን ምስጢር ዘርግቶ ማሳየት አንድ ነገር ነው ወይ? እንዲያው ለንጽጽር ያህል፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፉት 11 ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለማንም አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። መመለሱ እንደሚሻል ግልጽ ነው። ቢሆንም አለማየት የሚባል ክብር መኖሩን እዚያ ቤት አውቀዋል። ታቦት የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጠያቂ አለው። የአንዲት ልጅ የሞተባት ሴት ክታብ ማን ይጠይቅለታል?

ስመለስ ሸዋ ሮቢት ወረድኩና ለአክስቴ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። (አዎ፣ አንስቼዋለሁ። ሰው እንዲህ ነው።) መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። የእናታቸው አለመሆኑን ነገርኳቸው።

“ስሟን ፍቀውታል?”

“አልፋቁትም፣ እቴቴ። እንዳለ ነው።”

“አነበብከው?”

“አነበብኩት። ልጅ አልጸና ያላት ሴት ናት።”

ዝም አሉ። አክስቴ ራሳቸው ሁለት ቀብረዋል፤ ይህን ያወቅሁት ከሌላ ሰው ነው፣ አንስተውልኝ አያውቁም።

“ታዲያ በኋላ ተረፈላት?”

ከክታቡ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይህ አልነበረም። ዘመኑና ብራና መሆኑ ነው ያለው። አላውቅም አልኳቸው።

“ሳታውቅ ነው ያነበብከው?” ብለው ስልኩን መለሱልኝ። “በል ጠቅልለው።”

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ፎቶውን ግን እስካሁን አላጠፋሁትም።