የተዘፈነ ዘፈን በሌላ ታሪክ ውስጥ

አንድ ዘፈን ከተወለደበት ጉዳይ ተነጥሎ ለሌላ ታሪክ ሲሰለፍ ያው ዘፈን ነውን? ጥያቄው የጥበብ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕም ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣው «ማማ ሚያ» የተሰኘ ፊልም የተሠራው የስዊድኑ «አባ» ቡድን ከብዙ ዓመታት በፊት ባስደመጣቸው ዘፈኖች ነው። ታሪኩ ዘፈኖቹን ለማያያዝ የተፈተለ ክር በመሆኑ ይሳሳል፤ ሙሽራይቱ አባቷን ከሦስት ወንዶች መካከል ትፈልጋለች፤ ከዚህ ብዙም አይዘልም። ሆኖም በ1980 የወጣውን የመለያየት እንጉርጉሮ እናቲቱ ወደ ሠርጉ በሚያወጣው አቀበት ላይ ለቀድሞ ወዳጇ ስታዜመው፣ ሰሙ ሳይነካ አዲስ ወርቅ ይወጣዋል።

ይህ አሠራር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይደለም። አዝማሪው የቆየውን ዜማ ለዕለቱ ባለ ድግስ ያስማማዋል። የጋይንቷ ቤተልሔም ደግሞ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በበዓል ቀን ቅኔው አዲስ ነው፤ የድጓው ዜማ ግን የቆየ ነው፤ መሪጌታው ለዕለቱ የሚስማማውን ከዚያው ያወጣል። ይህ ሥልጣን ግን በዘፈቀደ አይገኝም። ተማሪው ዓመታት ደክሞ፣ ቀለሙን ከነምልክቱ አጥንቶ በመምህር ፊት ይመሰከርለታል። አውጥቶ የማዋል መብት የሚመጣው ከማወቅ በኋላ ነው።

የፊልም ሠሪው ዕዳ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የ«አባ» ደራሲዎች ቤኒ አንደርሰንና ቢዮርን ኡልቬውስ ራሳቸው ፈቅደው በሥራው ተካፍለውበታል። በስማዳ አውድማ ላይ በሬውን እያበራየ የሚያዜመው ገበሬ ግን ማን ይጠይቀዋል? የ1996 ዓ.ም. የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ ስሙ ያልተጻፈውን ግን ለማግኘት ይቸገራል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ዘፈንና ጭፈራ በአንድ መድረክ አሰልፎ ባሕር ሲሻገር ምስጋናው በመላው ሕዝብ ስም ነበር፤ ለዚያ ዓላማ ተገቢ ነው። «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል በነጋዴ አፍ ሲገባ ግን «የማንም አይደለም» ወደ ማለት ይዞራል። አደጋው ይህ ነው።

እንግዲህ የአውድማ ዜማን ለፍቅር ትዕይንት የሚሻ ሠሪ ፍቺውን መለወጡ ነውር የለበትም። በቅድሚያ ግን በመከር ወራት ወርዶ ከባለ ዜማው አፍ ይስማው፤ ስንኙ ስለ ምን እንደ ተባለ ይረዳ። የዘፋኙን ስም፣ እርሱ ካልታወቀ የቀበሌውን ስም በፊልሙ ላይ ይጻፍ፤ ከገቢውም ድርሻ ይመድብ። በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ ፈጥና የምታልፈው «ባህላዊ ዜማ» የምትል መግለጫ ለዚህ አትበቃም።