የውጭ ዘበኛና የውስጥ ዘበኛ

ወንድሞች ሆይ! ልጅ ከጥፋት የሚጠበቀው በገዢ ትእዛዝ ነውን? ወይስ በገዛ ልቡናው? ነገሩን በምሳሌ እንመርምረው።

በቻይና አገር የፕሬስና የኅትመት አስተዳደር በ2021 እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር ደንብ አወጣ። ይኸውም ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚደረገውን ጨዋታ በዓርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓል ቀን ብቻ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንዲጫወቱ የሚል ነው። ሆኖም በታላላቆቻቸው ስም እየገቡ ደንቡን የሚያልፉ ልጆች አልታጡም።

የልጅን ጊዜ ከከንቱ ነገር ማዳን መልካም ነው፤ ያለፈች ሰዓት በገንዘብ አትመለስምና። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያው መሥሪያ ቤት ለጨዋታ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል፣ መጽሐፍንና ጋዜጣንም የሚቈጣጠር ነው። እንግዲህ የአባትነቱን ሥራ ለገዢ የተወ ሰው፣ ልጁ ምን እንደሚያነብና ምን እንደሚያውቅ የመወሰኑንም ሥልጣን አብሮ ማስረከቡን ይወቅ።

እናንተ ነጋዴዎች ሆይ! ተቈጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ሚዛኑን የሚያቃና ሰው ታማኝ ይባላልን? ከቶ አይባልም። በሩ ስለ ተዘጋበት ብቻ ጨዋታውን የተወ ልጅም እንደዚሁ ነው፤ በሩ በተከፈተ ጊዜ ይመለሳል።

ሕግ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ሕግ አጥር ነው፤ አጥር ግን እርሻ አያርስም። ስለዚህ አባት አስቀድሞ የራሱን ስልክ ያኑር፤ ከልጁም ጋር ተቀምጦ የክልከላውን ምክንያት ያስረዳው፤ ጥያቄውንም በትዕግሥት ይስማ። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ብቻውን በሆነ ጊዜም ራሱን ይጠብቃል።